ሳትወድቅ የተሸጠች ላም፦ የ1998ቱ የሞያሌ ድርቅ ከአዲስ አበባ ዳር ሲታይ

በ1998 ዓ.ም. አጋማሽ ደቡብ ኢትዮጵያ ድርቅ ላይ ነበር። በዚያ ድርቅ በቦረና ከምትገኘው ከሞያሌ ወረዳ 20,000 ያህል ከብት ተገዝቶ ወጣ። የሸጡት 5,405 ገደማ ቤተሰቦች ናቸው። በድምሩ 1.01 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላቸው፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 9 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። የገዛው መንግሥት አልነበረም። የእርዳታ ድርጅትም አልነበረም። የገዙት ኑሯቸው ከብት መነገድ የሆነ ሰዎች ናቸው።

ነገሩን ያስጀመረው ትንሽ ብድር ነው። ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለሁለት ከብት ላኪ ነጋዴዎች ለእያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር አበደረ። ቀሪው የንግዱ የራሱ ገንዘብ ነው። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑት ባለሙያዎች እንዳሰሉት፣ ለሥራው ከወጣው የእርዳታ ገንዘብ እያንዳንዱ አንድ ብር 41 ብር የሚያህል ጥቅም አስገኝቷል። በእርዳታ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ጉዳዩ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ከሞያሌ በኩል ነው የሚነገረው። ድርቁ፣ የከሱት ከብቶች፣ እርዳታው ይነሳል። እኔ ግን ከሌላው ጫፍ፣ ከአዲስ አበባ ዳር ላየው እፈልጋለሁ። ምክንያቱም በድርቅ ጊዜ የቦረና ላም ትሸጥ አትሸጥ የሚወሰነው በባለቤቷ ብቻ አይደለም። ከእሷ 700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከተማው ጥግ፣ ባዶ ግቢ፣ የተከመረ ድርቆሽና ኪሱ ያልታሰረ ነጋዴ መኖር አለመኖሩም ይወስነዋል።

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ሰው በተለምዶ ብርጭቆ የሚለው የቁም እንስሳት ገበያ አለ። በምሥራቁ መውጫ ካራ፣ በሰሜን ምዕራብ ሸጎሌ አሉ። ብርጭቆ የደቡቡ መንገድ በር ላይ ነው። ከሞያሌ የተነሳ ከብት በሜጋ፣ በዱብሉቅና በያቤሎ አልፎ፣ ቡሌ ሆራን፣ ዲላን፣ ሐዋሳንና ሻሸመኔን ተሻግሮ ሞጆ ይደርሳል። ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ቀኝ ቢታጠፍ አዳማ ነው፤ የቦረና ኮርማ ለውጭ ገበያ የሚደልብባቸው ትልልቆቹ ማድለቢያዎች እዚያ ናቸው። ወደ ግራ ቢሄድ ቢሾፍቱ፣ ዱከም፣ ገላን፣ ከዚያ አቃቂ ይመጣል። ሙሉ መንገዱ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አርብቶ አደሩ ለምን ቀድሞ አይሸጥም?

ከተማ ውስጥ ስለ አርብቶ አደር ሲወራ አንድ ነገር ቶሎ ይነሳል። «ከብት ያበዛሉ፣ መሸጥ አይወዱም፣ ድርቅ ሲመጣ ያልቅባቸዋል» ይባላል። ከተማረ ሰው አፍም ሰምቼዋለሁ። እኔን ያናድደኛል። የሞያሌው ጉዳይ ብቻውን ይህን አባባል ያፈርሰዋል። ገዢ ሲመጣ 5,000 ከሚበልጡ ቤተሰቦች እያንዳንዱ በአማካይ 3.7 ከብት አውጥቶ ሸጧል። መሸጥ የማይወድ ሰው እንዲህ አያደርግም።

እርግጥ ነው፣ በደህናው ዓመት ቆጥቦ ነው የሚሸጠው። ለዚህ ግን በቂ ምክንያት አለው። መጀመሪያ፣ ቤተሰቡ የሚኖረው በወተት ነው። ወተት የሚሰጠውን ሸጦ ምን ይብላ? የቦረና ጊደር ተወልዳ የመጀመሪያ ጥጃዋን እስክትጥል አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ጊደርና ወላድ ላም አይነኩም። ለገበያ የሚወጣው ወይፈን፣ ኮርማና ያረጀች ላም ነው። እነሱም የሚወጡት እህል ሲያልቅ፣ የትምህርት ወጪ ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም ነው። ለአንድ ኩንታል በቆሎ ወይፈን መሸጥ ስለማያዋጣ ለትንሽ ወጪ ፍየል ይሸጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ነው። ከብቱን ሸጦ ብር ቢያስቀምጥ ምን ያተርፋል? ባንኩ ሩቅ ነው፤ ቢቀርብም ወለዱ የኑሮ ውድነቱን አይቀድምም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ ብር ይዞ የተቀመጠና ጊደር ይዞ የተቀመጠ ሰው እኩል አልከሰሩም። ዝናብ እስካለ ድረስ ጊደሯ ታድጋለች፣ ትወልዳለች። ብሩ ግን ባለበት ይቀልጣል። እዚህ አዲስ አበባ ትርፍ ገንዘቡን በመሬት ወይም በዶላር የሚያስቀምጥ ሰው የሚያደርገውን ነው አርብቶ አደሩም የሚያደርገው።

ሦስተኛው ዝምድና ነው። ቦረና ውስጥ ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሳው ከብት ተዋጥቶለት እንደገና ይቆማል። ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ዛሬ የኦሮሚያ ክልል በዚሁ ስም ተቋም አቋቁሟል። መንጋ ያለው ሰው ይሰጣል፣ ሲቸግረውም ይሰጠዋል። ይህ ዋስትና ከባንክ ደብተር ይልቅ ያስተማምናል።

ችግሩ የሚመጣው ዝናብ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል። ከብቱ ስለሚከሳ ዋጋው ይወርዳል። እህል ስለሚጠፋ ዋጋው ይወጣል። ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል። በደህናው ጊዜ አንድ ወይፈን ስድስት ኩንታል በቆሎ ይገዛ ነበር። በድርቁ የወይፈኑ ዋጋ በግማሽ ወረደ፣ የበቆሎው በግማሽ ጨመረ። አሁን ያው ወይፈን የሚገዛው ሁለት ኩንታል ብቻ ነው። ቤተሰቡ ድሮ በአንድ ወይፈን ያገኘውን እህል ለማግኘት አሁን ሦስት ማውጣት አለበት። ከብቱ በረሃብ ከመሞቱ በፊት በገበያው በኩል እያለቀ ነው ማለት ነው።

ነጋዴው ለምን አይመጣም?

ሰው የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ከብቱ ከረከሰ ነጋዴው ለምን አይጎርፍም? ብርጭቆ ገበያ ላይ በደቡቡ መስመር ለብዙ ዘመን የሠሩ አንድ ነጋዴን ይህንኑ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ድርቅ ሲሆን ዋጋው ይወርዳል አይደል? እንዲያውም ያን ጊዜ መግዛት አይሻልም?»

«ልጄ፣ የረከሰ ከብት ሁሉ ርካሽ አይደለም» አሉኝ። «ትገዛዋለህ፣ ትጭነዋለህ። እዚህ ደርሶ ካልቆመ የገዛኸው ቆዳ ነው።»

ከዚያ ወደ አንድ ከሳ ያለ በሬ ወሰዱኝና አሳዩኝ። እጃቸውን ሻኛው ላይ አሳረፉ። ሻኛው ለስልሶ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ከሻኛው ወደ ወገቡ ወረዱ፤ የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑት በጣት ይቆጠራል። ጭራው ሥር ጨበጥ አደረጉ። እዚያ ሥጋ ካለ በሬው ገና አልተሟጠጠም ማለት ነው፤ ይህኛው ትንሽ አለው። ጥርሱን ከፍተው ዕድሜውን አዩ። በመጨረሻ ባለቤቱን ትንሽ አስኪደው አሉት። በሬው ሲሄድ የኋላ እግሮቹ ይጎተታሉ። «ይሄ ይድናል» አሉ። «ሁለት ወር ድርቆሽና ፉርሽካ፣ ትንሽ ፋጉሎ ካገኘ ይድናል። ድርቅ ላይ የምትገዛውን ግን መጀመሪያ ተኝቶ ነው የምታየው። ብቻውን ከተነሳ ግዛ። ጭራውን ይዘው ካስነሱት ተወው።»

እዚህ ላይ የነጋዴው ሒሳብ ግልጽ ይሆናል። የከሳ ከብት እንደደረሰ ለሥጋ ቤት አይሸጥም። አዲስ አበቤ የሚፈልገው ድልብ ሰንጋ ነው። ስለዚህ ከብቱ ከመኪና ወርዶ ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ግቢ ይገባል። እዚያ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይበላል። በእነዚያ ወራት ነጋዴው ገንዘቡ ታስሯል። ድርቆሽ ይገዛል፣ ጠባቂ ይቀጥራል፣ ግቢ ይከራያል። ከብት ከሞተበት ኪሳራው የእሱ ነው።

መንገዱም አለ። አይሱዙ ላይ የተጫነ ደካማ ከብት መንገድ ላይ ይተኛል። ከተኛ ሌሎቹ ይረግጡታል። ለዚህ ነው ከጭነቱ ጋር ሰው የሚሳፈረው፤ ሥራው ሌሊቱን ሙሉ የተኛውን ማስነሳት ነው። በየኬላው የሚከፈል አለ፤ የኮቴ ቀረጥ አለ። እነዚህ ወጪዎች ለወፍራሙም ለከሳውም እኩል ናቸው። የመኪና ኪራይ ከብቱ 400 ብር ተገዛ 4,000 ብር ብሎ አይቀንስም። ስለዚህ ከብቱ በረከሰ ቁጥር ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ የመጓጓዣው ድርሻ ይገዝፋል። ከሞያሌ አንድ ከብት በነጻ ቢሰጥ እንኳ አቃቂ ሲደርስ ነጻ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የጾሙ አቆጣጠር ነው።

ቦረና ውስጥ ረጅሙ ደረቅ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ጋና የሚባለው ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው በመጋቢት ነው። ሀገያ የሚባለው የመጸው ዝናብ ከቀረ ከብቱ ክፉኛ የሚጎዳው በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የምትጾመው በዚሁ ወቅት ነው። በ1998 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 20 ነበር፤ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 15። አርብቶ አደሩ መሸጥ በጣም በሚፈልግባቸው 55 ቀናት የአገሪቱ ትልቁ የሥጋ ገበያ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው።

«ለፋሲካ የሚሸጥ ከሆነስ?» ሊባል ይችላል። ለፋሲካ የሚደልብ ሰንጋ ግን ማድለቢያ የሚገባው ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ጥር ላይ ግቢው ሞልቷል። የሞላውም ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌላው ደጋ በመጣ ሰንጋ ነው። ድርቆሹ የታጨደው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ከሱሉልታና ከሰንዳፋ በኩል ተጭኖ የገባው ለእነዚያው ተይዟል። የነጋዴውም ገንዘብ እነሱ ላይ ተቀምጧል። የቦረናው ጥሪ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም የሚቀረው። ግቢው፣ መኖውና ብሩ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተይዘውበት ነው።

ሞያሌ ላይ የሆነው

በ1998ቱ ድርቅ በግብርና ሚኒስቴር ሥር የነበረው የእንስሳትና ዓሣ ግብይት መምሪያ ከእርዳታ ድርጅቱ ጋር ሆኖ ነጋዴዎችን አነጋገረ፤ ወደ ቦረና ወስዶ ሁኔታውን አሳያቸው። ለነጋዴዎቹ የቀረበላቸው ጥያቄ የምጽዋት አልነበረም። «ከብቱ ይኸው፣ መንገዱ ይኸው፤ ምን ያስቸግራችኋል?» ነው የተባሉት። የቸገራቸው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነበር። ያለፈው ከብታቸው ሳይሸጥ አዲስ መግዛት አልቻሉም። ብድሩ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

25,000 ዶላር ለእያንዳንዱ። በጊዜው አንድ ዶላር 8 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ነበርና ከ200,000 ብር ብዙም አያልፍም። ለአንድ ከብት የተከፈለው በአማካይ 50 ዶላር፣ ማለትም 435 ብር ያህል ነው። ብድሩ ብቻውን ቢሆን ሁለቱም ነጋዴዎች በአንድ ላይ ከ1,000 የማይበልጥ ከብት ነው የሚገዙበት። የተገዛው ግን 20,000 ነው። ብድሩ የራሳቸውን ገንዘብ ፈታላቸው። መኪና ተከራዩ፣ መሄጃው ተለመደ፣ ገበያ ተቋቋመ። አንዴ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ንግዱ ራሱን ጎተተ።

435 ብር ለአንድ ከብት ያሳዝናል። በደህናው ጊዜ ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር። ግን የሚወዳደረው ከደህናው ዋጋ ጋር አይደለም። የሚወዳደረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከምትሞት ላም ጋር ነው። የሞተች ላም የምታስገኘው ቆዳዋን ነው፤ ድርቅ ላይ ሁሉም ቆዳ ሲያወጣ ደግሞ እሱም አይረባም።

ገንዘቡ የት ገባ?

እኔን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉም የሳበኝ ይህ ክፍል ነው። አንድ ቤተሰብ በአማካይ 186 ዶላር፣ ወደ 1,600 ብር አገኘ። አጥኚዎቹ 114 ቤተሰቦችን ጠይቀው ነበር። በእነዚያ ቤተሰቦች በድርቁ ወቅት ከገባው ገቢ 54.2 በመቶው ከዚህ ሽያጭ የመጣ ነው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

ብሩን ምን አደረጉበት? እህል ገዙ። ዘመድ ረዱ። ዕዳ ከፈሉ፤ የተረፈው አስቀመጠ። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። ግን እዚያው አካባቢ ካወጡት ገንዘብ ውስጥ 36.5 በመቶው ለቀሩት ከብቶች ነው የዋለው። መኖ ገዙላቸው፣ አሳከሟቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ መኪና ተከራይተው የቀሩትን ከብቶች ሣር ወዳለበት ቦታ ጭነው ወሰዱ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ሦስት አራት ከብት ሸጦ፣ በዚያ ብር መኪና ተከራይቶ፣ ወላድ ላሞቹንና ጊደሮቹን ወደ ግጦሽ የሚጭን ሰው «ከብት መሸጥ አይወድም» ይባላል? ይህ ሰው የትኛው ከብት እንደሚድን፣ የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው ለየትኛው መሥዋዕት እንደሚሆን ለይቶ ያውቃል። የጎደለው ገዢ ብቻ ነበር። በስንዴ እርዳታ ቢሆን ኖሮ ሰው ይተርፍ ነበር፤ ላሟ ግን አትተርፍም። ለሰው የታደለ እህል ከብት ጭኖ ግጦሽ አያደርስም። ብር ግን ያደርሳል። የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቀውም ባለከብቱ ነው።

ብሩ ደግሞ እዚያው ነው የዋለው። የእህል ነጋዴው፣ የመኪና ባለቤቱ፣ የእንስሳት መድኃኒት ሻጩ የሞያሌ ሰዎች ናቸው። ድርቅ መጀመሪያ የሚገድለው የትንሽ ከተማ ሱቅን ነው፤ ከብት ካልተሸጠ ሱቅ የሚገባ የለምና። በዚያ ዓመት ሞያሌ ውስጥ ሱቁም አብሮ እፎይ አለ።

የዘገየው

ይህን ሁሉ ስል ሥራው እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ትልቁ እንከን ዘግይቶ መጀመሩ ነው። የፖሊሲና የአሠራር እንቅፋቶች ስለነበሩ ግዢው በጊዜው አልተጀመረም፣ ከሞያሌም አልፎ እንደልብ አልሰፋም። ነጋዴ ማነጋገር፣ ብድር ማጽደቅ፣ ማን ይፈቅዳል ማን ይከለክላል እስኪባል ከብት ይሞታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። በዘገየ በእያንዳንዱ ሳምንት ጭራውን ይዘው የሚያስነሱት ከብት ይበዛል፤ ነጋዴው የሚመርጠው ያንሳል፤ ዋጋው ይወርዳል።

ሌላው የመንገድ ነገር ነው። በንግድ የሚሠራ ግዢ የሚደርሰው መኪና የሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው። ከዋናው አስፋልት ሁለት ቀን በእግር የሚርቅ ሰው የደከመ ከብት ነድቶ አይደርስም። ለእነዚያ ሌላ ዓይነት እርዳታ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ እዚያው አርዶ ሥጋውን ለተቸገረው ማከፋፈል። ንግድ ሁሉንም ያድናል ማለት አይደለም። ንግድ የሚያድነውን ግን ለንግድ መተው ያስፈልጋል። ያኔ የእርዳታው ብር መኪና ለማይደርስበት ይተርፋል።

ጉዳዩ በከንቱ አልቀረም። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያ በአርብቶ አደር አካባቢ በድርቅ ጊዜ የሚደረጉ የእንስሳት ድጋፎችን የሚመራ ብሔራዊ መመሪያ አወጣች። ከዚያም ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጣ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ቦረና ላይ የእንስሳት መድን ተጀመረ። የግጦሹን አረንጓዴነት በሳተላይት አይቶ፣ ሲደርቅ ካሳ የሚከፍል ነው። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ሸጠው፤ መቀመጫው አዲስ አበባ ጭምር የሆነው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ቀመሩን ሠራ። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን መድን ብር ይሰጣል እንጂ ገዢ አያመጣም።

ከዚያ 2013 መጣ። ከዚያ ዓመት መጸው ጀምሮ እስከ 2015 ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ቀሩ። በአገሪቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አለቁ። ቦረና በጣም ከተጎዱት አንዱ ነበር። ዱብሉቅ ላይ ድሮ መንጋ የሚነዱ ሰዎች መጠለያ ውስጥ ገቡ። የምናውቀውን መድኃኒት በሚያስፈልገው ስፋትና ጊዜ አልተጠቀምንበትም። ይህን ስጽፍ ቅር ይለኛል። መመሪያው ተጽፎ ነበር። የሞያሌው ስሌት ታትሞ ነበር። የጎደለው እውቀት አልነበረም።

ታዲያ ከአዲስ አበባ ዳር ምን ይታያል?

መሬት እየጠፋ ነው። በዱከም፣ በገላንና በአቃቂ በኩል ከብት የሚያርፍባቸው የነበሩ ሜዳዎች ፋብሪካና መጋዘን ሆነዋል። በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ በኩል ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህን አልቃወምም። ግን የድርቅ ከብት መንገድ ላይ ወርዶ የሚያገግምበት ቦታ በፕላን ካልተያዘ፣ ነጋዴው የከሳ ከብት የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ጥቂት ሄክታር፣ ውኃና የመኖ መጋዘን ያለው ማረፊያ ከሞጆ እስከ አቃቂ ባለው መስመር ላይ ቢኖር፣ በደህናው ዓመት በኪራይ ራሱን ይችላል። በድርቅ ዓመት ደግሞ ለቦረናው ቅድሚያ ይሰጣል። ይህ ለከተማ ፕላን የማይመጥን ጥያቄ አይመስለኝም።

ድርቆሹም እንዲሁ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሱሉልታ ላይ ርካሽ ነው። ሀገያ መቅረቱ የሚታወቀው ደግሞ በኅዳር መጨረሻ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ወር አንድ ነው። በዚያ ወር የተገዛ ድርቆሽ በመጋቢት ከሚገዛው እጅግ ይረክሳል።

ብድሩም ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ነጋዴው ተመርጦ፣ ዋስትናው ታይቶ፣ ውሉ ተፈርሞ በደህናው ዓመት መቀመጥ ይችላል፤ ገንዘቡ የሚለቀቀው ዝናቡ ሲቀር ነው። ወደ ደቡብ የእርዳታ እህል ጭነው የሚወርዱ መኪኖች ባዶ ከሚመለሱ ከብት ይዘው ቢመለሱ ኪራዩ ይቀንሳል። ከመኪና ባለቤቶቹ ጋርም ቀድሞ መነጋገር ይቻላል።

ጊዜው ጠባብ ነው። ከገና እስከ ቅበላ በ1998 ሰባት ሳምንት ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ከብቱ ገና ብቻውን ይነሳል፤ ሥጋ ቤቱም ክፍት ነው። ለፋሲካ የሚደልበውም መግባት ያለበት ያኔ ነው። ሀገያ በቀረበት ዓመት ብድሩ ታኅሣሥ ላይ ነጋዴው እጅ ከገባ፣ መኪናው ጥር ላይ ሞያሌ ይደርሳል። የካቲት ላይ ከተለቀቀ ግን መኪናው ሲደርስ ሰዉ ጭራ ይዞ ማስነሳት ጀምሯል።